ጠግበናል በሉ

ያንን ድስት ያላየ ሰው «ድስት አይቻለሁ» ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። ሁለት ጎረምሶች ወንበር ይዘው ገብተውበት ካርታ ቢጫወቱ ክርናቸው አይነካካም። ሲታጠብ እንኳ እሱ ወደ ቧንቧው አይሄድም፤ ውሃው ነው እንደ ትልቅ ሰው ሊጠይቀው የሚመጣው። ከድስቱ ኋላ የምትቆመው ሴትም ብትሆን ቀላል አልነበረችም። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ይረሳዋል ይባላል። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ዘበኛው ሁሉ «እትዬ ጭልፋ» ነው የሚላት። ድምፅዋንማ አታንሱት። ኩሽና ሆና «ሰልፍ!» ስትል ማዶ ሰፈር ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳያውቀው ይሰለፋል።

ይህች ሴት በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጇን ባዶ ሆድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የትምህርት ቤቱ ምግብ ለሁሉም አልነበረም። «ችግረኛ» ተብለው ለተለዩ ልጆች ብቻ ይሰጥ ነበር፤ እነሱም ከኩሽናው ጀርባ ባለች ትንሽ መስኮት በኩል ሳህናቸውን ይቀበላሉ። መስኮቷ የተከፈተችው ወደ ኳስ ሜዳው ነው። ማን እንደተሰለፈ ተጫዋቹም፣ ተመልካቹም፣ አጥር ላይ ያረፈው ወፍም ያያል። ልጆቹ «የእባካችሁ መስኮት» የሚል ስም አወጡላት። ከዚያ ወዲያ በዚያች መስኮት መብላት ምግብ መብላት መሆኑ ቀረና ስድብ መብላት ሆነ።

የእትዬ ጭልፋ አንድያ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። አባቷ «መጣሁ» ብሎ ከወጣ ወዲህ እስካሁን እየመጣ ነው። የኩሽና ደመወዝ ደግሞ ኩሽና የሠራ ያውቀዋል፤ ራት ካለ ምሳ የለም፣ ምሳ ካለ ራት የለም። ታዲያ ልጅቱ በዚያች መስኮት የመብላት መብት ነበራት። ግን አንገቷን ቢቆርጧት አትሰለፍም። በምሳ ሰዓት ከንፈሯን በቧንቧ ውሃ አርሳ፣ አፏን በመሐረብ ጠርጋ፣ ልክ ጥጋብ እንደከበደው ሰው ረጋ ብላ በሜዳው ዙሪያ ትንሸራሸራለች። «ኧረ እኔ ምሳ አልወድም፤ ያስተኛኛል» ትላለች ለጓደኞቿ። በአንገቷ ቀጥ ማለት የተነሳ እናቷ የምትጠራት «እሜቴ» ብላ ነበር። እሜቴ አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ እየሮጠች ሳለ ድፍት አለች። ተሸክመው ኩሽና ሲያስገቧት እትዬ ጭልፋ ያን ግድግዳ የሚሰነጥቅ ድምፅዋን ፈልጋ አጣችው።

ዘንድሮ ግን ተአምር መጣ። ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ ተማሪ የሆነ ሁሉ፣ የሀብታምም የድሃም ልጅ፣ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ዓይነት ሳህን፣ በነፃ ይብላ ተባለ። መስኮቷ ላይ ጣውላ ተቸነከረ። ሚስማሩን የመታችው ራሷ እትዬ ጭልፋ ናት፤ ስትመታው የተነሳው ድምፅ ነጎድጓድ መስሏቸው ልብስ ያስገቡ ጎረቤቶች ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከድስቱ ኋላ ሆና ልጇን ትሰርቃለች፤ በዓይኗ ማለቴ ነው። እሜቴ በጓደኞቿ መሃል ተቀምጣ፣ ዳቦዋን ባቄላው ሾርባ ውስጥ እየነከረች፣ እየሳቀች፣ ጉንጯን ሞልታ ስትበላ ታያለች። ያን ጊዜ እትዬ ጭልፋ የምድር ነገሥታት ዘውዳቸውን ይዘው መጥተው «በጭልፋሽ እንለውጥሽ» ቢሏት «ዞር በሉ፣ ሰልፉን አትዝጉ» ነበር የምትላቸው።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ኩሽና ድረስ መጣ። ክራቫቱን ከሾርባው እንፋሎት በመዳፉ ከልሎ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እትዬ፣ ነገ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ።»

«ይምጡ! ሳህን አለን።»

«ሊበሉ አይደለም። ምግቡ ለሁሉም ይቀጥል፣ ወይስ እንደ ድሮው ለችግረኞች ብቻ ይሁን የሚለውን አይተው ሊወስኑ ነው። እባክዎ፣ እንዳንዋረድ።»

«እኔ እያለሁ? ጋሼ፣ እርስዎ ክራቫትዎን ብቻ ያስተካክሉ።»

እሱ ሲወጣ እትዬ ጭልፋ ወደ አዳራሹ ዞር ብላ አየች፤ ልቧም ስንጥቅ አለ። ልጆቹ እየበሉ ነበር። መብላት ከተባለ! አንዱ ሳህኑን አንስቶ ፊቱን ከቶበታል፤ የሚታየው ጆሮው ብቻ ነው። አንዷ ለቤት የምትወስደውን ዳቦ በእጅጌዋ ውስጥ እያሾለከች ነው። ሁለቱ የወደቀች ባቄላ ለማንሳት ጠረጴዛ ሥር ገብተው ራስ ለራስ ተጋጭተዋል። በየቀኑ የምታየው ነገር ነው፤ አንጀቷን ሲበላው የኖረ ነገር ነው። ያን ቀን ግን በእንግዳ ዓይን አየችው፤ ፊቷም በእፍረት ቲማቲም መሰለ።

«ልጆቼን እንደ አንበጣ መንጋ እንዲያዩብኝ አልፈልግም» አለች።

ረዳቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍም ሳትከትፍም ዓይኗ እንባ ስለሚያቀርር «ዝናቧ» ነው የምትባለው።

«ርቧቸው እኮ ነው፣ እትዬ። ሰዎቹ ይዩት፤ ምን ነውር አለው?»

«ነውርማ ነው! የሰው ልጅ ራቡን ለእንግዳ ያሳያል? አንቺ እንግዳ ሲመጣብሽ የተቀደደውን ፍራሽ ነው ወይስ ደህናውን አንሶላ የምታነጥፊው?»

«እንግዳው አንሶላ ሊሰጠኝ የመጣ ከሆነማ የተቀደደውን ነው የማሳየው።»

«ዝናቧ፣ ሽንኩርትሽን ክተፊ!»

ይህን ብላ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ጠረጴዛው አቃሰተ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ስሙኝ፣ የኔ አንበሶች! ነገ ሁላችሁም ቁርስ በልታችሁ ትመጣላችሁ። የለንም የሚል እንዳልሰማ፤ እናቶቻችሁን እትዬ ጭልፋ ብላለች በሏቸው፤ ከጎረቤት ይበደሩ፣ የጓዳውን ጥግ ይጥረጉ። ነገ ማንም ሳህን አይልስም። ማንም ዳቦ እጅጌው ውስጥ አይከትም። በቀስታ ትበላላችሁ፤ ከዚያ ከሳህናችሁ ላይ ትንሽ ትተዋላችሁ፤ ጨዋ ልጅ ሳህን አያራቁትም። ጠገባችሁ ወይ ቢሏችሁስ?»

ልጆቹ ተያዩ። «አልጠገብንም?» አለ ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«ጠግበናል! ጠግበናል በሉ!»

«ጠግበናል!» አለ አዳራሹ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ለሦስት ቀን አስተጋባ።

ያን ዕለት ማታ እሜቴ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። እንዲህ ያለ ነገር ካደረገች ቆይታ ነበር። «እማዬ፣ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ስትወጪ ጓደኞቼ ምን አሉኝ መሰለሽ? እናትሽ ሚኒስትር ትመስላለች አሉኝ» አለቻት። እትዬ ጭልፋ እንቅልፍ እምቢ አላት፤ በደስታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በዚያ ሰፈር የሆነው ነገር ለጉድ ነው። ለሳምንት የተያዘ ዱቄት በአንድ ጠዋት አለቀ። ጎረቤት ከጎረቤት ሩዝ ተበዳደረ፤ የሚበደረው ያጣ ደግሞ በድንች ልጣጭ ሾርባ ሠራ። እናቶች የራሳቸውን ድርሻ ለልጆቻቸው ገለበጡ። ያ ሁሉ ሕፃን ሆዱን አስይዞ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ እንደ ሙሽራ እየተራመደ ትምህርት ቤት ገባ።

እትዬ ጭልፋም የሰው እጅ የሚያስቆረጥም ምግብ ሠራች። ሩዙ ፍሬ በፍሬ ተቆጥሮ የበሰለ ይመስል ነበር፤ የባቄላው ሾርባ ሽታ በመንገድ የሚያልፉትን መኪኖች ያዘገያቸው ነበር። እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ባለ መነጽር ሴትዮ፣ አንዱ ደግሞ በጣም ትሑት ሰውዬ፤ በብብቱ ሚዛን ይዟል።

«ሚዛኑ ለምንድን ነው?» ብላ ዝናቧ አንሾካሾከች።

«ሥጋ መስሎት ይሆናላ» አለች እትዬ ጭልፋ፣ ደረቷን ነፍታ። «ቅመሱልኝ እንጂ!» ብላ ጭልፋዋን ወደ ሴትዮዋ ዘረጋች።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። አልቀመሰችም። ይህ እትዬ ጭልፋን ትንሽ ቅር አላት፤ ልጆቹን ስታይ ግን ቅሬታዋ ብን ብሎ ጠፋ። እነዚያ የትናንት አንበጣዎች ዛሬ ቤተ መንግሥት ያደጉ መሰሉ። ማንኪያ ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ «ጨው አቀብለኝ እስቲ» ይባባላሉ። አንዱማ አፉን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡን ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሰውየው በየጠረጴዛው ጎንበስ እያለ ጠየቀ።

«ቁርስ በልታችሁ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ!»

«ጠግባችኋል?»

«ጠግበናል!»

ሴትዮዋ እሜቴ ፊት ቆመች። «አንቺስ፣ የኔ ቆንጆ? ትምህርት ቤት ምግብ ባይኖር ምሳ ምን ትበያለሽ?»

እሜቴ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ «ከቤት ይዤ እመጣለኋ» አለች።

ከድስቱ ኋላ እትዬ ጭልፋ ይህን ሰማች። ሳታስበው በአገጯ አዎንታ ሰጠች፤ እንዲህ ነው ልጅ መውለድ!

በመጨረሻ ሳህኖቹ ተሰበሰቡ። በየሳህኑ ላይ የተተወው ሩዝና ዳቦ ወደ አንድ ባልዲ ተራገፈ። ባልዲው ሞላ፤ ሌላ ባልዲ መጣ፤ እሱም ሞላ። ሰውየው ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ መዘነ። ከዚያ ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«በጣም ግሩም ነው» አለ።

«ገና ምን አይተው!» አለችው እትዬ ጭልፋ።

ዝናቧ ግን ሚዛኑን እያየች አፏን በእጇ ያዘች። ይህች ሴት ስታለቅስ ማንም ልብ አይልም፤ ዕድሏ ሆኖ።

መኪናቸው ከግቢው እንደወጣች ከፊት ያለው ትንሽ ልጅ እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ ሄደዋል?»

«ሄደዋል፣ የኔ ጌታ።»

«አሁን ባልዲውን መብላት እንችላለን?»

እትዬ ጭልፋ ሳቀች። ባልዲውን ከልጆቹ አርቃ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አደለቻቸው፤ ታችውን እስኪፋቅ። ልጆቹም ሳህናቸውን ላሱ። በዚያ ሰዓት ያቺ መኪና የተረሳ ሚዛን ልትወስድ ብትመለስ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ። አልተመለሰችም፤ ሚዛናቸውን አልረሱም።

ውሳኔው የመጣው በሳምንቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሰጣት፤ ወንበር ሲሰጣት ነገሩ ገባት።

«ሁሉንም መመገብ ብክነት ነው ብለዋል። ልጆቹ ከቤታቸው በልተው ነው የሚመጡት አሉ። ከሰኞ ጀምሮ እንደ ድሮው ነው። ለችግረኞች ብቻ፤ በመስኮቱ።»

«እኔ ነኝ እኮ ቁርስ ብሉ ያልኳቸው! እኔ ነኝ ተዉ ያልኳቸው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ!»

«ምን ብዬ? እንግዶቹን አታለልን ብዬ? እትዬ፣ እንዲህ ብል ድስቱንም ይወስዱታል፤ እኔንም ከድስቱ ጋር።» ክራቫቱን ፈታ አደረገ። «ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና፣ ያን ቀን እኔም ኮርቼ ነበር።»

እትዬ ጭልፋ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ባለሚዛኑ ሰውዬ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ተነስቶ ነው የተቀበላት፤ ውሃም አስመጣላት። እንደዚያ ያለ ትሑት ሰው ቢቆጣት ትመርጥ ነበር። ሁሉንም ዘረገፈችለት፦ ጠረጴዛ ላይ መውጣቷን፣ የጎረቤት ሩዙን፣ የድንች ልጣጩን። በትዕግሥት ሰማት።

«እናቴ፣ ይረዱኝ» አላት። «እርስዎ ለልጆቹ ሲሉ የማይሉት ነገር የለም፤ እናትነት ነው። እኔ ግን በራሴ አፍ ጠይቄያቸዋለሁ። ባልዲውንም በእጄ አንስቻለሁ። ባልዲ አይዋሽም።»

«ባልዲው ዋሽቷል! እኔ ነኝ ዋሽ ያልኩት!»

ፈገግ አለ። «ደግሞስ ማን ተከለከለ? የራበው ልጅ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ይመጣል። ካልመጣ አልራበውም ማለት ነው።»

እትዬ ጭልፋ ግንብ የሚያፈርስ አፍ ይዛ፣ ውሃውን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

ጣውላውን ሌላ ሰው ነቀለው፤ እሷ እጇ እምቢ አላት።

መጀመሪያ ሰሞን ትንንሾቹ መጡ፤ እፍረት ምን እንደሆነ ገና ያልተማሩት። ሜዳው ላይ «እባካችሁ! እባካችሁ!» የሚል ዘፈን ተጀመረ፤ የሚዘፍኑት ደግሞ ከቤታቸው የሚበሉት ብቻ አልነበሩም፤ ራሳቸው የራባቸው ልጆች ጮክ ብለው ሲዘፍኑ ማንም አይጠረጥራቸውም። ትንንሾቹም እፍረትን ቶሎ ተማሩ። በዚያ ትምህርት ቤት እንደዚያ ቶሎ የተለመደ ትምህርት የለም።

ማታ እትዬ ጭልፋ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«እሜቴ፣ ነገ ነይ እንጂ። የማድልሽ እኔ አይደለሁ? ከእናትሽ እጅ ነው እኮ።»

«አልራበኝም።»

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት ስትነሺ ግድግዳ ይዘሽ ነው የቆምሽው። አይቼሻለሁ።»

«ከተሰለፍኩ አንደኛ የምጠራው በአንቺ ነው፣ እማዬ። 'የእባካችሁ ልጅ' ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉሽ! ስም ሆድ አይበሳ።»

እሜቴ ቀና ብላ አየቻት። ቁጣ የለባትም፤ የተቆጣች ብትሆን ይቀል ነበር። «ራስሽ አይደለሽ እንዴ ራብ ለሰው አይታይም ያልሽው? እኔ ከዚያ በፊት ምሳ አልወድም ስል ውሸቴን ነው ብዬ አፍር ነበር። ካንቺ በኋላ ግን ጨዋነት መሆኑ ገባኝ።»

እትዬ ጭልፋ አንድ ቀን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣችላት፤ ልጅቱ አሸተተችውና «የመስኮቱ ነው» ብላ መለሰችው። እውነትም የመስኮቱ ነበር። ሁለተኛ ልታመጣ አልደፈረችም፤ አሁን የሚላከው ዱቄት ለሚሰለፉት ልክ ነው፤ ከዚያ ላይ መቀነስ ከትንንሾቹ አፍ መንጠቅ ነው።

ሰልፉ እየሳሳ ሄደ። ሰልፉ በሳሳ ቁጥር የሚላከውም ሳሳ፤ የራበው ቢኖር ይመጣ ነበር እየተባለ። ያ ሁለት ጎረምሳ የሚያስቀምጥ ድስት ታጥቦ ተደፋ፤ በቦታው አንዲት ምስኪን ድስት ተጣደች። ዝናቧንም ሌላ ሥራ ፈልጊ አሏት። ስትሄድ አላለቀሰችም፤ እትዬ ጭልፋን ከምንም በላይ ያስደነገጣት ይኸው ነው። ከዚያም ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገባና፣ «የነገው የመጨረሻ ነው፣ እትዬ። ተመጋቢ የለም ብለዋል» አላት። ወደ ውስጥ እንኳ አልገባም።

በመጨረሻው ቀን እትዬ ጭልፋ በቤቷ የነበረውን ሩዝ ሁሉ ጨምራ አበሰለች። መስኮቱን ከፈተች። ሜዳው በልጅ ተሞልቷል፤ መስኮቱ ሥር ግን ማንም የለም። እሜቴ ከጓደኞቿ ጋር ማዶ ጥላው ሥር ተቀምጣለች። ከንፈሯ እርጥብ ነው።

«ኑ ብሉ!» አለች። ያ ታክሲ ጠባቂ የሚያሰልፍ ድምፅ ነው። ሜዳው ዞሮ አየና ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

«ኑ! አላያችሁም! ማን እንደወሰደ አላውቅም!» ብላ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች። ፊቷን ወደ ጥቁሩ ግድግዳ አዙራ፣ የሞላውን ሳህን በግራ እጇ ወደ ኋላ፣ ከመስኮቱ ውጭ ዘረጋችው። «ይኸው ዓይኔን ጨፍኛለሁ! እናቴን ብትሆኑ አላውቃችሁም! ሳህኑን ውሰዱና ሂዱ!»

ከጀርባዋ የኳሱ ድምፅ ይሰማል። እንፋሎቱ አንጓዋን ማሞቅ አቆመ። ይህች ሴት ያን ጭልፋ ስታዞር የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ሳህን እንዲህ ከብዷት አያውቅም። ወደ ሌላው እጇ አልቀየረችውም፤ ዓይኗንም አልገለጠችም።

አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ኮቴው መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆመ። ትንፋሽ ሰማች፤ ያን ትንፋሽ ከወለደችው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ሳህኑን ይበልጥ ወደ ውጭ ገፋ አደረገችው።

«እማዬ» አለች እሜቴ በሹክሹክታ። «እማዬ፣ በእናትሽ ተይ። ሰው እያየሽ ነው።»

ኮቴው ተመልሶ ሄደ፤ አሁን በሩጫ አይደለም፤ ጥጋብ እንደከበደው ሰው ረጋ ብሎ ነው።

እትዬ ጭልፋ ሳህኑን ወደ ውስጥ ሳበችውና መስኮቱን ዘጋች።